የሮኬት ጠረጴዛ

ቁምሳጥናችን በር የለውም። በሩ ሊኖር በሚገባው ቦታ አበባ የበዛበት መጋረጃ ተሰቅሏል፤ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። ባሌ አናጢ ነው። ይህን ስናገር ሰው የምቀልድ ይመስለዋል፤ እየቀለድኩ አይደለም። ያውም ተራ አናጢ አይደለም፤ ሰው ብፌ ሲያሠራ፣ ለልጁ አልጋ ሲያሠራ፣ ለሳሎኑ በር ሲያሠራ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው አናጢ ነው። ቁምሳጥኑን የጀመረው ገና ስንጋባ ነበር። ጎኑ አለ፣ ጀርባው አለ፣ መደርደሪያው አለ። ለበሩ ግን መስመራቸው አንዱ ከሌላው የሚገጥም ሁለት ሳንቃ ታጣ። «ከአንድ ግንድ የወጣ ካልሆነ ያስጠላል» አለኝ ያን ጊዜ፤ «ነገ አንድ ቦታ አይቼ እመጣለሁ።» ልጃችን ተወለደች፣ ዳዴ አለች፣ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፤ ሳንቃው ዛሬም አልተገኘም።

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ነገ» ይለዋል። እነሱ ከኋላው ነው የሚሉት፤ እኔ ፊት ለፊቱ እለዋለሁ።

ሰነፍ ነው ካልኩ ግን ሐሰት ይሆንብኛል። እጁ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም። ችግሩ፣ ያለውን ትዕግሥት ሁሉ የሰው ቤት አራግፎ ይመጣና እኛ ጋ ሲደርስ ባዶ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት የጥርስ ሐኪም ቁምሳጥን ሊያስረክብ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። በሩን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገው። በሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ሊገጥም ሲል ዝግ አለ፣ ከዚያ ትንፋሽ እንኳን ሳያሰማ ተዘጋ። ሴትዮዋ አጨበጨበች። እኔን ቅናት አንገበገበኝ። በሴትዮዋ አይደለም፤ መልኳንም ልብ ብዬ አላየሁት። የቀናሁት በበሩ ነው። ባሌ ያንን በር በመዳፉ ዳበስ፣ ዳበስ ሲያደርገው አይቼ፣ እኔን መቼ እንደዚህ ነክቶኝ ያውቃል ብዬ የሰው መኝታ ቤት መሀል ተገትሬ ቀረሁ። ቤቴ ገብቼ መጋረጃዬን ስስበው ቀለበቶቹ ተንጫጩብኝ።

ሌላውም ዕቃችን ያው ነው። የምንበላበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ «ለጊዜው» የተተካ ስለሆነ ከስሩ የታጠፈ ካርቶን ይደረግለታል። የወጥ ቤቱ መሳቢያ በጉልበት ካልተመታ አይከፈትም፤ ልጃችን መሳቢያ የሚባል ነገር ሁሉ በጉልበት የሚከፈት መስሏት ነው ያደገችው። በዚያ በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ታዲያ የእንጨት ትምህርት ቀርቶ አያውቅም። «እንጨት ተቆረጠ ብላችሁ ሞተ እንዳትሉ» ይላል ባሌ እየጎረሰ። «ይተነፍሳል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይከሳል። መፈናፈኛ ካልተውክለት ራሱን ይሰነጥቃል።» እኔ አዛጋለሁ። ልጃችን ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ትሰማዋለች።

ልጃችን ስታገባ «የምትበይበትን ጠረጴዛ የምሠራልሽ እኔ ነኝ» አላት። አላት ብቻ አይደለም፣ የሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ በእርሳስ ሣለላት። እውነት ለመናገር ሥዕሉ ያምራል። ልጅቷና ባሏ ግን በተከራዩት ቤት ውስጥ ሳህናቸውን ካርቶን ላይ አስቀምጠው ሲበሉ ከረሙ። በጠየቀችው ቁጥር «ነገ እንጨቱን አያለሁ» ይላታል። እሷም «እሺ አባዬ» ትላለች። እሺ ማለቷን ያየ፣ የእኔ ልጅ ናት አይልም።

አንድ እሁድ ግን መጣችና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«አባዬ፣ እንዳትቆጣ። ጠረጴዛ አዘዝኩ።»

«የት?»

«ሮኬት ጋ።»

ሮኬት ማለት፣ ባሌ ወጣት ሳለ አብሮት አንድ ቤት ተቀጥሮ የሠራ፣ አሁን ዋናው መንገድ ዳር መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ የከፈተ አናጢ ነው። ባሌ እርሳሱን ቀርጾ ሳይጨርስ ሮኬት አልጋ ሠርቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ መኪና ላይ ጭኖ ይልካል። «እሱ ዕቃ አይሠራም፣ ይተኩሳል» ይላል ባሌ። ሌላ ሰው ሐሜት ሲጀምር ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ነው፤ የሮኬት ስም ሲነሣ ግን ወንበሩን ያስጠጋል።

ያን ዕለት ጆሮው ቀላ፤ ቅላቱ ወደ አንገቱ ወረደ። «ጥሩ አድርገሻል» አላት። «ያው እንጨት፣ እንጨት ነው።»

እንጨት እንጨት ነው! ይህን ከባሌ አፍ እሰማለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

«ጠረጴዛ ብቻ ነው ያዘዝሽው?» አልኩ እኔ፣ ወሬ ለመለወጥ።

«ከነወንበሩ። የወጥ ቤት መሳቢያም፣ ቁምሳጥንም አለበት።»

«በር አለው?»

ልጄ ሳቀች። እኔ የጠየቅኳት ከልቤ ነበር።

ያ ሳምንት አይመለስ። ባሌ ለሰው የመጽሐፍ መደርደሪያ የመጣውን ሳንቃ በንዴት ላገው፣ ላገው፣ እስኪሳሳ ድረስ ላገውና «ለምንም አይሆንም» ብሎ ጥግ አስደገፈው። ሁልጊዜ በውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚመጣው ሰውዬ በዋናው መንገድ ዞሮ መምጣት ጀመረ፤ ያውም በማዶኛው በኩል፣ ቀስ እያለ። መኪና ላይ ዕቃ ሲጫን ካየ፣ ጫማው የተፈታ ይመስል ጎንበስ ብሎ ይመለከታል። ጫማው ክር የለውም። «ምን አየህ?» ስለው «ምንም» ይለኛል። እራቱን ሳይጨርስ ይነሣል። ግድግዳው ላይ የነበረውን ሥዕልም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አጠፋው፤ ስገባ አቧራው ገና አልበነነም ነበር።

ዕቃው በተባለው ቀን ደረሰ። ይህ ራሱ እኛ ቤት ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ነው። ልጃችንም ሻይ ጠጡ ብላ ጠራችን።

ባሌ ሳሎን ሲቀመጥ እኔ ቀጥታ መኝታ ቤት ገባሁ። ቁምሳጥኑ ግድግዳውን ሞልቶ ቆሟል። በሩን ከፈትኩት። ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት። የጥርስ ሐኪሟን አያህልም፤ ሲዘጋ ጓ ይላል። ቢሆንም በር ነው። ልብሷ አቧራ ሳይነካው ተሰቅሏል፤ ከላይ አንሶላ፣ ከታች ጫማ፣ መሀል ላይ ደግሞ ቁልፍ ያለው ትንሽ መሳቢያ። ቁልፍ! ቀናሁ። በወለድኳት ልጅ ቀናሁ። እናት በልጇ አትቀናም የሚል ሰው ካለ ዕድሜውን በመጋረጃ ቁምሳጥን አልኖረም ማለት ነው። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም፤ ግን ከደስታዬ ስር አንድ ክፉ ነገር ቁጢጥ ብሎ «እሷ በጥቂት ቀን ያገኘችውን አንቺ ፀጉርሽ ሸብቶም አላገኘሽው» ይለኛል። የበሩን እጀታ በቀሚሴ ጫፍ ወልውዬ ወጣሁ።

ወጥ ቤት ስገባ ልጄ ለሻይ ማንኪያ ልታወጣ ነው። እጇ በስኒ ተይዟልና እንደ ልማዷ አዲሱን መሳቢያ በጉልበቷ መታችው። መሳቢያው ተስፈንጥሮ ወጣና ማንኪያዎቹ ተንኳኩ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። «እማዬ፣ ይኼ ጉልበት የሚላመድ አይመስለኝም» አለችኝ።

ሳሎን ስንመለስ ባሌ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ቆንጆ ነበር። ላዩ ሰፋፊ ሳንቃ፣ ጠርዙ ለስለስ ያለ፣ ቀለሙ እንደ ደማቅ ሻይ። ባሌ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ፈተነ፣ ጫፉን አንኳኳ፣ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ርዝመቱን አየ። ምንም አላገኘም። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ከዚያ እያየሁት፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ የሻይ ማንኪያውን ለቀቀው። ማንኪያው ወለሉ ላይ ወደቀ።

«እኔ አነሣዋለሁ» አለ አማቻችን።

«ተው፣ ተው» ብሎ ባሌ በሆዱ ተሳበና ጠረጴዛው ስር ገባ።

አንዲት ማንኪያ ለማንሣት የፈጀውን ጊዜ ያየ ጉድጓድ የሚቆፍር ይመስለው ነበር። ስንጠብቀው፣ ስንጠብቀው ወጣ። ፊቱ በርቷል። የተጋባን ዕለት እንኳን እንደዚያ አልበራም። ልጃችን ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ አየችው።

«ማንኪያውስ?» አልኩት።

ረስቶት ነው የወጣው።

ወደ ቤታችን ስንሄድ ያንጎራጉራል። ሳምንቱን ሙሉ የተዘጋ ሰውዬ ያንጎራጉራል! አላስችል አለኝ።

«ምን አገኘህ?»

«ይሰነጠቃል» አለኝ፣ ከረሜላ እንደሰጡት ልጅ። «ላዩ ጥሩ እንጨት ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ከስሩ ካለው እንጨት ጋር በብሎን ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ቀዳዳዎቹ ክብ ናቸው፣ ልክ ብሎኑን የሚያህሉ። በጋው ሲገባ ሳንቃው መኮማተር ይፈልጋል፤ ብሎኑ አይለቀውም። ያኔ መሀል ለመሀል፣ ጧ!» እጁን አጨበጨበ። «ቀዳዳውን ሞላላ ማድረግ ምን ይፈጅበት ነበር? ሻይ ጠጥቶ የማይጨርስበት ሥራ እኮ ነው! ሲቸኩል!»

«ትነግራታለህ አይደል?»

«እነግራታለሁ እንጂ» አለ። «ነገ።»

እኔስ? ስልክ አለኝ። ምላስም እንዳለኝ ሰፈሩ ይመስክር። ያን ምሽት ግን የሌሊት ልብሴን ላወጣ መጋረጃዬን ስስበው፣ አንደኛው ቀለበት ተሰብሮ ጨርቁ በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ። ቆሜ አየሁት። እስቲ ትንሽ ይሰንጠቅባት አልኩ። ብዙ አይደለም። ትንሽ፣ ክር የምታህል።

በጋው ገባ። ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ነፋስ መጣ፤ ልብስ ገመድ ላይ ሳሰጣ ጫፉን ይዤ ሳልጨርስ ይደርቃል። ባሌ ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ወጥቶ ነፋሱን ያሸታል። «እንዲህ ያለ በጋ አይቼ አላውቅም» ይላል እጁን እያሻሸ። እሁድ እሁድም ወደ ልጃችን ቤት ማን ይቅደመው! ቀድሞ በልመና የሚወጣው ሰው ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። እዚያ ሲደርስ ኮቱን ሳያወልቅ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ያደርጋል፣ ትኩሳት እንደሚለካ። ሰው ካላየው ጆሮውንም ያስጠጋል። ደግሞ ማንኪያ መጣል አሳፍሮት ነው እንጂ ከስሩ ባልጠፋ ነበር።

«አባዬ» ትለዋለች ልጃችን ሁልጊዜ ሻዩን ስታስቀምጥለት፣ «ስለ ጠረጴዛው የምትለው ነገር አለ?»

«ምን እላለሁ? ቆንጆ ነው።»

«እንዲያው እንደ ባለሙያ።»

«ቆንጆ ነው አልኩሽ እኮ።»

እሷም «እሺ» ትላለች። ወጥ ቤት ስገባ ደግሞ እኔን ትጠይቀኛለች። «እማዬ፣ አባዬ ምንም አላለሽም?»

«ስለ ምን?»

«ስለ ምንም» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔም ወደ መኝታ ቤት ሄጄ የቁምሳጥኑን በር እከፍትና እዘጋለሁ። ልማድ ሆነብኝ።

ጠረጴዛው አልተሰነጠቀም። ባሌ መጨነቅ ጀመረ። «እስካሁን መሰንጠቅ ነበረበት» ይለኛል እየተመለስን፤ «ምን ዓይነት እንጨት ነው? ከየት ነው ያመጣው?» አሁን ደግሞ ቅናቱ ወደ እንጨቱ ዞረ። ሮኬት ማንም ያላገኘው የእንጨት ቦታ አግኝቷል ብሎ ጠረጠረ፤ እንቅልፍ አጣ። የራሱ ሥራ ተከመረበት። ደንበኞች እየመጡ «ጋሼ፣ የእኔ ነገር?» ሲሉት፣ ነገ ማለት እንኳን ይረሳል።

በዚህ መሀል ልጃችን ደወለች። የባሏ እናትና አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷን ሊያዩ እሁድ ለምሳ ይመጣሉ፤ እኛም እንድንገኝ። ስልኩን ዘጋሁት። አማቶቿ ከበው ተቀምጠው፣ ሳህኑ ተደርድሮ፣ ጠረጴዛው መሀል ለመሀል ጧ ሲል ታየኝ። ትንሽ ይሰንጠቅ ያልኩት በሰው ፊት ነው እንዴ? ክር የምታህል ነው ያልኩት።

«ስማ» አልኩት ባሌን፣ «ቅዳሜ ሄደህ ቀዳዳውን ታሰፋላታለህ። አለበለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

«እሄዳለሁ» አለ። ደግሞም ሄደ። ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ፣ መሰርሰሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ወጣ። እኔም እፎይ አልኩ። ብዙ ሳይቆይ ግን ተመለሰ። መሰርሰሪያው ከነጨርቁ ነው።

«ምነው?»

«ሮኬት ሱቁ በር ላይ ቆሟል» አለ፣ ወንበር ላይ እየወደቀ። «ከማዶ ጠራኝ። ሰው ፊት። ‹ወንድሜ! ልጅህን አመስግንልኝ፤ ጠረጴዛዋን ያየ ሁሉ እየመጣ ያንኑ ሥራልን ይለኛል› አለኝ። እጄን ጨበጠኝ። ‹የአንተ ልጅ ከእኔ ስትገዛ ትልቅ ክብር ነው› ይለኛል ደግሞ!» ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ወረወረው፤ ጠረጴዛችን ተወዛወዘ። «የእሱን ስህተት እኔ በሆዴ ተኝቼ ላርምለት? ምን ቆርጦኝ! ይሰንጠቅ። ሁሉም ይየው።»

እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ስልኩን አነሣሁ። «ምን ይዤ ልምጣ?» ብዬ ጠይቄያት ዘጋሁት። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም አልኩ ለራሴ፤ ደግሞ ለምን እስካሁን ዝም አልሽ ብትለኝስ?

እሁድ ደረሰ። የባሏ እናት ቀጭን፣ ደስ የሚሉ፣ ያዩትን ሁሉ የሚያመሰግኑ ሴት ናቸው። መጋረጃውን አመሰገኑ፣ ምንጣፉን አመሰገኑ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ በሁለት እጃቸው ዳሰሱት።

«ውይ፣ ሲያምር! ይኼማ የአባቷ ሥራ ነው። አናጢ ናቸው ተብለን ነበር፤ ለካስ እንዲህ ያለ እጅ ነው!»

ባሌ «እኔ አይደለሁም» አለ።

«እንዴ! የአናጢ ልጅ ሆና?»

ሴትዮዋ ክፉ አስበው አልነበረም፤ ወዲያው ደንግጠው የወንበሩን ትራስ ማመስገን ጀመሩ። ባሌ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምግቡን አልቀመሰውም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጆሮውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ሌላው ሰው ይበላል፣ ያወራል፣ ይስቃል፤ እሱ ያዳምጣል። በጠረጴዛው ስር በእግሬ ነካሁት። አልሰማኝም።

ጧ!

ባሌ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «ይኸው!» አለ፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ፊቱ እንደዚያን ዕለት በርቶ። «ተሰነጠቀ! ብዬ ነበር! ብዬ ነበር እኮ!»

አማቻችን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አነሣ፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ሲሞቅ የተጨማደደው ጎኑ ወደ ቦታው የተመለሰበት ድምፅ ነበር። «ጠርሙሱ ነው» አለ።

«ለማን ነው ያልከው አባዬ?» አለች ልጃችን።

በዝግታ ነው ያለችው፤ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም የሰማው አይመስለኝም። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞራ ሳቀች። «አባዬ እንጨት ሊሰነጠቅ ነው ብሎ ሁልጊዜ ይሰጋል። ጠረጴዛው ሲመጣ ብሎኖቹ ጥብቅ ነበሩ። እሱ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዳስተማረኝ ቀዳዳዎቹን ሞላላ አድርጌ አስፍቻቸዋለሁ። አይሰነጠቅም።»

«ጎበዝ!» አሉ የባሏ እናት፣ እፎይ ብለው። «አባት ማለት እንዲህ ነው። ዕቃ ቢሠራ ዕቃ ብቻ ነው፤ እውቀቱን ነው የሰጣት!» ወደ ባሌ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ነካ አደረጉት። ባሌ ወንበሩን አንሥቶ ተቀመጠ። ያን ያህል ሲመሰገን እንደዚያ አንገቱን ሲደፋ አይቼው አላውቅም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ አማቻችን ሊሸኛቸው እንደወጣ፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ፣ ልጄ ማንኪያ ታደርቃለች። ባሌ የቀሩትን ሳህኖች ተሸክሞ መጣ። በኑሯችን ሳህን ሲያነሣ የመጀመሪያው ነው።

«መቼ ነው ያሰፋሽው?» አላት።

«መጀመሪያ የመጣችሁ ዕለት። እንደወጣችሁ ከባለቤቴ ጋር ገለበጥነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ከስሩ ስትወጣ ፊትህን አይቼ» አለች። «ጥሩ ሥራ ስታይ ትኮሳተራለህ አባዬ። አውቅሃለሁ። ያን ቀን ደስ ብሎህ ወጣህ። አንድ የተበላሸ ነገር አለ አልኩ።»

ባሌ ሳህኖቹን የት እንደሚያስቀምጣቸው ጠፋው። እንደያዛቸው ቆመ። «ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«ትነግረኛለህ ብዬ። በመጣህ ቁጥር እጠይቅህ አልነበር?» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ሮኬት አናጢ ነው፤ ቸኩሎ ይሳሳታል። እሱ አላናደደኝም። አንተ ግን አባቴ ነህ።»

እውነቱን ልናገር፤ እስከዚህ ድረስ ውስጥ ውስጡን ደስ እያለኝ ነበር። ጎሽ፣ ንገሪው፣ እኔን ዕድሜ ልኬን ያቃጠለኝን ሰው ዛሬ የሚያቃጥለው ተገኘ እያልኩ ሳህኑን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ልጄ ወደ እኔ ስትዞር እጄ አረፋ ውስጥ ነበር።

«አንቺስ እማዬ?» አለችኝ። «ታውቂ ነበር?»

አላውቅም ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ የአባቷን ዓይን ይመስላል፤ እንጨት ውስጥ ያለ ጉድለት ያያል። ስለ ቁምሳጥኗ ልነግራት አሰብኩ፣ ስለ መጋረጃዬ፣ ስለተሰበረችው ቀለበት። በዚያች ሰዓት ሁሉም ኮሰሰብኝ።

«ነገ ልነግርሽ ነበር» አልኳት።

ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ባሌም ሰማው። ዞር ብሎ አየኝ። ስንት ዘመን በዚህች ቃል የሰደብኩት ሰው፣ ቀኑ ደርሶለት እንኳን አልሳቀም።

ልጃችን ሁለታችንንም አየችን። «እሺ» አለች። ከዚያ ያደረቀቻቸውን ማንኪያዎች ይዛ መሳቢያውን በጉልበቷ ነካ አደረገችው፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይስፈነጠር። ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ ደረደረችና በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።